ከሩቅ የሚተኩስ ሰው እና 250 ሚሊ ሰከንድ

የዶርም ጓደኞቼ ጌም ስጫወት ከኋላዬ ቆመው የሚሰጡኝ አስተያየት ሁሌም አንድ ነው፤ «አንቺማ ተመችቶሻል! ሌላው ከአውሬው ጋር ሲተናነቅ ዳር ቆሞ ጥይት ማርከፍከፍ!» ጠመንጃ ያዥ ስመርጥ እኔም የማስበው ይህንኑ ስለነበር ብዙ አልከራከራቸውም። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ በተሸነፍኩ ቁጥር «ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው» እል ነበርና ይህንን በማስረጃ ላጣራው ፈልጌ ነው።

ጌሙ ፋይናል ፋንታሲ 14 ይባላል። የጃፓኑ ስኩዌር ኤኒክስ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቶት ክፉኛ ስለተተቸ፣ በናኦኪ ዮሺዳ መሪነት እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2013 በድጋሚ ወጣ። ማሽኒስት የሚባለው ጠመንጃ የሚይዘው ሙያ የተጨመረው «ሄቨንስዋርድ» ከተባለው ክፍል ጋር በ2015 ነው። ታሪኩም ደስ ይላል፤ ከዘንዶ ጋር ስትዋጋ በኖረችው ኢሽጋርድ ከተማ ባላባቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ተራው ሕዝብም ዘንዶ መምታት እንዲችል ታስቦ የተሠራ መሣሪያ ነው። ስለ ገንዘብ ለምትጨነቁ፦ ከጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነፃ መሞከሪያው እስከ ደረጃ 70 ያስጫውታል፣ የቀን ገደብም የለውም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለን ተማሪዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የምላቸው ቁጥሮችም በዚሁ ደረጃ ያሉ ናቸው።

በሰይፍ የሚዋጉት ጠላታቸው አጠገብ እስከ 3 ያልም (የጌሙ የርቀት መለኪያ ነው) መጠጋት አለባቸው። አስማተኞቹ ደግሞ አብዛኛውን አስማት ለመወርወር ቆመው መጠበቅ ግድ ይላቸዋል። ማሽኒስት ግን ከ25 ያልም ላይ፣ እየሮጠም ይተኩሳል። ታዲያ ነፃነቱ በነፃ አልተሰጠም፤ ሩቅ ተኳሾች የሚያደርሱት ጉዳት ሆን ተብሎ ቀነስ ተደርጓል። ስለዚህ ማሽኒስት ዋጋ የሚኖረው ሰዓቱን ሳያዛንፍ ሲተኩስ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተራ ተኩስ በ2.5 ሰከንድ አንዴ ሲሆን እያንዳንዱ 5 ሙቀት ያጠራቅማል። ሙቀቱ 50 ሲደርስ ሃይፐርቻርጅን ትጫኑና በየ1.5 ሰከንዱ የሚወጡ 5 ፈጣን ጥይቶች ታገኛላችሁ። በመሀል በመሀሉ ጋውስ ራውንድ እና ሪኮሼ የሚባሉ ተጨማሪ ጥይቶች ይሰገሰጋሉ። በላዩ ላይ ዋይልድፋየር አለ፤ ጠላት ላይ ይለጠፍና በ10 ሰከንድ ውስጥ ያረፉትን ጥይቶች እስከ 6 ድረስ ቆጥሮ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። በ2 ደቂቃ አንዴ ብቻ ስለሚገኝ ስድስቱን አለማሟላት ያንገበግባል።

ኔትወርኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓው ሰርቨር ጀርመን ውስጥ ነው፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ መልእክታችን ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን ማንም ቴክኒሻን አይቀንሰውም። ገመዱ መንገድ ሲያዞርና ሲጨናነቅ ደግሞ እኛ ዶርም ማታ ማታ 250 ይሆናል። የዓይን ጥቅሻ እኮ ነው ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። እያንዳንዱ ድርጊት የሰርቨሩ መልስ ከመጣ በኋላ 0.6 ሰከንድ ያህል እጅ ያስራል። 0.6 ሲደመር 0.25 ማለት 0.85 ነው። አንድ ፈጣን ጥይትና አንድ ተጨማሪ ጥይት 1.7 ሰከንድ ወሰዱ ማለት ነው፤ የተፈቀደልን ግን 1.5 ነበር። በየጥይቱ 0.2 ስናባክን በአምስቱ 1 ሙሉ ሰከንድ ይጠፋል፣ ስድስተኛውም ጥይት ከዋይልድፋየሩ ውጭ ይቀራል።

መፍትሔው ብዙ መጫን ሳይሆን መቀነስ ሆኖ አገኘሁት። ወደ ሃይፐርቻርጅ ከመግባቴ በፊት ጋውስ ራውንድና ሪኮሼን ተኩሼ እጨርሳለሁ። ፈጣኑ ጥይት የሁለቱንም መጠበቂያ በ15፣ 15 ሰከንድ ስለሚያሳጥረው ባዶ ካልሆኑ ሞልተው ይባክናሉ። ከዚያ በየመሀሉ መሰግሰጌን ትቼ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ጥይት በኋላ ብቻ አንድ አንድ እጥላለሁ፤ የተረፉትን ተራው ተኩስ ሲመለስ እጨርሳቸዋለሁ። ብክነቱ ከ1 ሰከንድ ወደ 0.4 ይወርዳል። ዋይልድፋየርንም ከሃይፐርቻርጅ በፊት ሳይሆን በኋላ ነው የምለጥፈው።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነበር። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አራት ሆነን በገባንበት አንድ ዋሻ ውስጥ መሬት ላይ በሚሳለው ብርቱካናማ ክብ ሦስት ጊዜ ሞትኩ። ሂለሩ፣ ማለትም አካሚያችን፣ ቀደም ብለሽ ውጪ ብሎ ጻፈልኝ። እኔም «ወጥቼ ነበር፣ ኮኔክሽኔ ነው» ብዬ መለስኩ፣ ከልቤ አምኜበት ማለት ነው። ደግነቱ ስክሪኑን እየቀረጽኩ ነበር። በማግስቱ ቀስ አድርጌ ሳየው አፈርኩ። ጌሙ ማን እንደተመታ የሚወስነው የጠላት መስመር ሞልቶ ሲያልቅ ነው፣ እሳቱ በዓይን ሲታይ አይደለም። እኔ ደግሞ መስመሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ገና ቆሜ እተኩሳለሁ! አንዱን ሞት ለ250 ሚሊ ሰከንዱ ልስጠው፤ ሁለቱ ግን በኔትወርክ የሚመካኙ አልነበሩም። እየሮጠ መተኮስ የሚችል ሙያ ይዞ ቆሞ መሞት ምን ይባላል? አብሮኝ የነበረው አስማተኛ ቢያደርገው ኖሮ ሰበብ ነበረው።

ቅጂው ሌላም ነገር አሳየኝ። ማሽኒስትን ራስ ወዳድ ይሉታል፤ ሌሎቹ ሩቅ ተኳሾች፣ ባርድና ዳንሰር፣ የጓደኞቻቸውን ጉልበት ሲጨምሩ እሱ የራሱን ብቻ ይተኩሳልና። ሆኖም ታክቲሺያን ለ15 ሰከንድ በቡድኑ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በ10 በመቶ ይቀንሳል፤ ዲስማንትል ደግሞ የጠላትን ጉልበት ለ10 ሰከንድ በዚያው ልክ ያወርዳል። በዚያ ሙሉ ቅጂ ውስጥ ሁለቱንም አንድም ጊዜ አልነካሁም። ሂለሩ ብቻውን ሲራወጥ ይታያል። እኔ ጥይት እየቆጠርኩ ነበር።

አሁን ሁለቱን ቁልፎች ከተኩሱ አጠገብ አምጥቻቸዋለሁ፤ ትልቁ ምት ሊመጣ ሲል መጀመሪያ እጄ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ክቡ ሲሳልም እግሬ ቀድሞ ይነሳል፣ ጥይቱ ይከተላል። ፒንጉ 300 ባለፈባቸው ምሽቶች ግን ሰው ይዤ ዋሻ አልገባም። ጠመንጃውን አስቀምጬ ወንዝ ዳር ዓሣ አጠምዳለሁ። ዓሣ ማጥመድም በዚያ ጌም ውስጥ ሙያ ነው፣ ጓደኞቼ ግን ይህንንም «ተመችቶሻል» ይሉታል።