ባለታሪኩ ራሱ ይናገር

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ዐይኑ ከበራለት በኋላ ሁሉም ስለ እርሱ ያወራል። ጎረቤቶቹ «እርሱ ነው፣ አይደለም» እያሉ ይከራከራሉ፤ ፈሪሳውያን ወላጆቹን ያስጠራሉ። ወላጆቹም ከምኵራብ እንዳይባረሩ ፈርተው፣ ልጁ ሙሉ ሰው ስለሆነ ራሱን እንዲጠይቁት ነገሯቸው። ያናገራቸው ፍርሃት ቢሆንም ነገሩ ልክ ነበር። አስተውሉ፤ ከቁጥር 8 እስከ 34 ጌታ በቦታው የለም። የሚመሰክረው የተፈወሰው ሰው ነው። ከዚህ ክፍል ችግረኛን ስለ መርዳትና ታሪኩን ራሱ በፊልም እንዲናገር ስለ ማድረግ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፣ እርዳታ ምስክርነትን ይቀድማል። ጌታ ዐይኑን ሳያበራለት «መስክር» አላለውም። በአዲስ አበባም ጀሚኒ ትረስት የተባለው ድርጅት ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 በሕፃናት ሐኪሟ በዶክተር ካርሜላ ግሪን አባተ ሲመሠረት ሥራው መንታ ወልደው የተቸገሩ ቤተሰቦችን መደገፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ጄም ቲቪ በሚል ስም ችግረኛ ወጣቶችን ዘጋቢ ፊልም እንዲሠሩ አሠለጠነ። ቁርስ ሳይበላ የመጣን ልጅ ስለ ካሜራ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ ቃሉ ለባለቤቱ ይተው። እ.ኤ.አ. በ1984 የዜና ካሜራ ባለሙያው የሞሐመድ አሚን ካሜራ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳየ፤ ብዙ እርዳታም መጣ። የተራቡት ግን በአብዛኛው የታዩ እንጂ የተናገሩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1967 በካናዳ ፎጎ ደሴት የተሠሩት ፊልሞች ሌላ መንገድ አሳይተዋል፤ ዓሣ አጥማጆቹ የተቀረጹትን አስቀድመው አይተው ይሁንታ ይሰጡ ነበር። እኛም ችግረኛ ወጣቶችን ፊልም እንዲሠሩ ስናሠለጥን እንዲሁ እናድርግ። ወጣቶቹ ካሜራውን ይቀባበሉ፤ አንዱ ይቅረጽ፣ አንዱ ማይክ ይያዝ፣ አንዱ ይጠይቅ። የቀረጹትን ወዲያው አብረው ይዩት፤ የሚወጣውንና የሚቀረውን ራሳቸው ይወስኑ። በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚሠራ ሊስትሮ ስለ ሙያው በኩራት ሊያወራ ከፈለገ፣ አሠልጣኙ እንባውን አይፈልግበት።

ሦስተኛ፣ የመሰከረ ሰው ብቻውን አይቅር። ዕውር የነበረው ሰው እውነቱን ስለተናገረ ተባረረ፤ ጌታም መባረሩን ሰምቶ አገኘው። ገርጂ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ የደረሰባትን በደል ብትቀርጽ፣ ፊልሙ በታየ ማግስት እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ ፊቷ ይታይ ወይስ ይሸፈን፣ ፊልሙስ ለማን ይታይ የሚለው አስቀድሞ ከእርሷ ጋር ይመከርበት። ሐሳቧን ከቀየረችም ቀረጻው ይቅር።

ዛሬ ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ካሜራ አላቸው፤ ጥምቀትንና ንግሥን ይቀርጹበታል። በበዓላቱ መካከል ባሉት ቅዳሜዎች ለሰፈሩ ችግረኛ ልጆች ያውሱት፤ አያያዙንም ያስተምሯቸው። ፊልሙ ታይቶ ጭብጨባው ካለቀ በኋላም ልጆቹ እንዴት እንደዋሉ የሚጠይቅ ሰው ይመድቡ።