በቤት ጣራ ላይ ስለሚተከል የፀሐይ ኤሌክትሪክ፤ ጥቅሙና ጉድለቱ

ለየወረዳው ሹማምንትና ለባለ ቤቶች የተጻፈ ትምህርት

ፀሐይ ለደጋውም ለቆላውም፥ ለባለጸጋውም ለድኻውም ያለ ዋጋ ታበራለች። ስለዚህ ሕዝቡ ሶላር እያለ የሚጠራውን ሰሌዳ የሚሸጡ ነጋዴዎች ወደ ባላገሩ በሄዱ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት፥ መብራቱ ያለ ዋጋ ነው የሚለውን ቃል ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ያለ ዋጋ ነው ማለትና መብራቱ ያለ ዋጋ ነው ማለት እጅግ የተለያየ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ሳይመረምር ተበድሮ የገዛ ገበሬ፥ ባትሪው በሞተ ጊዜ ሰሌዳውን ጣራው ላይ ትቶ ወደ ኩራዙ ይመለሳል፤ ዕዳው ግን አብሮት ይቀራል። ሕዝብን የሚያስተዳድር ሹምም ሆነ ቤቱን የሚያከራይ ባለቤት ነገሩን በሁለት ወገን መዝኖ ማወቅ ስለሚገባው፥ ይህን ትምህርት አቅርበናል።

ስለ አሠራሩ። ሰሌዳው የሚሠራው ከአሸዋ ተነጥሮ ከሚወጣው ሲሊኮን ከሚባለው ነገር ነው፤ ብርሃን ባረፈበት ጊዜ ኤሌክትሪክ ያስገኛል። ለሥራ የሚበቃው የሲሊኮን ሰሌዳ በመጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በ1946 ዓመተ ምሕረት (በፈረንጆች አቈጣጠር በ1954) በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ነው። ያን ጊዜ ካረፈበት ብርሃን ከመቶው 6 እጅ ያህሉን ብቻ ይለውጥ ነበር፤ ዛሬ በገበያ የሚገኘው ደኅና ሰሌዳ ግን ከመቶው 20 እጅ ያህሉን ይለውጣል። በቤት የሚተከለው መሣሪያ አራት ክፍል አለው፤ እነርሱም ብርሃኑን የሚቀበለው ሰሌዳ፥ ኃይሉ በልክ ወደ ባትሪው እንዲገባና ከባትሪው እንዲወጣ የሚጠብቀው ተቈጣጣሪ፥ የቀኑን ኃይል ለሌሊት የሚያስቀምጠው ባትሪ፥ ከዚያም ሽቦውና አምፖሉ ናቸው።

ስለ ጥቅሙ። አንደኛ፥ አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ መካከል ስለምትገኝ ዓመቱን በሙሉ ብዙ ብርሃን ታገኛለች፤ በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፍራ ላይ በቀን በአማካይ 5,000 ዋት ሰዓት ያህል ያርፋል። ሁለተኛ፥ ሰሌዳው የሚዞር መንኰራኵር የሌለው ስለ ሆነ ቶሎ አይበላሽም፤ ደኅናው ዐይነት 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ሦስተኛ፥ ሙቀት በበዛ ቍጥር ኃይሉ ስለሚቀንስ፥ ብርሃን ሳይጐድለው አየሩ ቀዝቃዛ የሆነው ደጋችን ይስማማዋል። አራተኛ፥ የኩራዝ ጢስ ዐይንንና ሳንባን ይጐዳል፤ የሳር ቤትም ያቃጥላል። በዚህ ፈንታ ንጹሕ መብራት የገባበት ቤት ልጆቹ ማታ ያጠናሉ፥ በሌሊት የምትወልድ ሴትም አዋላጇ በደንብ እያየች ትረዳታለች። ይህ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እስኪደርስ ሳይጠበቅ የሚገኝ ነው።

ስለ ልኩ። የሰሌዳውን አቅም በቍጥር ያላወቀ ሰው ከሚገባው በላይ ተስፋ ያደርጋል፤ በኋላም ያዝናል። 100 ዋት የሚባለው ሰሌዳ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 500 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከዚህ ላይ ሙቀቱ፥ አቧራው፥ ሽቦውና ባትሪው የሚወስዱት ሲቀነስ ለቤቱ 350 ያህል ይቀራል እንበል። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ 4 አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 100፥ አንድ ራዲዮ 30፥ ሁለት ስልኮች 20፥ 25 ዋት የሆነች ትንሽ ቴሌቪዥን 4 ሰዓት ብትሠራ 100፥ በድምሩ 250 ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰሌዳ ለአንድ ቤተ ሰብ ለእነዚህ ይበቃል፤ ጥቂትም ይተርፋል።

ነገር ግን ባለቤቲቱ እንጀራ ልትጋግርበት ብታስብ ነገሩ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል፤ 3,500 ዋት የሆነው ምጣድ አንድ ሰዓት ቢሠራ ያ ሰሌዳ በ10 ቀን የሚሰበስበውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ በትንሽ ሰሌዳ የኩራዝ ነገር ይቀራል እንጂ የማገዶው ጭንቅና የደኑ መመንጠር በእርሱ አይቀርም። ለሕዝብ ሲነገር ይህ ሳይሸሸግ መነገር አለበት።

ስለ ጉድለቱ። ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት በባትሪው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የእርሳስ ባትሪ በደኅና ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በየቀኑ እስኪያልቅ ድረስ ከተሟጠጠ ግን ዓመትም ሳይሞላው ሊሞት ይችላል። ከያዘው ኃይል ግማሹን ብቻ መጠቀም ይገባል። ለምሳሌ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነው ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ቢይዝ፥ የሚሠራበት 600 ነው፤ ይህም ከዚህ በላይ ለቈጠርነው ቤት ፀሐይ ለጠፋባቸው ለሁለት የክረምት ቀኖች ይበቃል። የሊቲየም ባትሪ 10 ዓመት ያህል ይቈያል፤ ነገር ግን በመግዣው ቀን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የሞተው የእርሳስ ባትሪ መርዝ ስለ ሆነ፥ በእርሻና በውሃ አጠገብ መጣል፥ በቤትም ማቅለጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ለሸጠው ነጋዴ መመለስ አለበት።

ከዚህ የተነሣ የመሣሪያው ዋጋ በመግዣው ቀን ብቻ አይቈጠርም። የመጀመሪያው ዋጋ፥ በ10 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚለወጠው ባትሪ፥ የጥገናውም ገንዘብ ተደምሮ ለ120 ወር ይካፈል። የተገኘውን ቍጥር ቤተ ሰቡ በወር ለጋዝ፥ ለሻማና ለስልክ መሙያ ከሚያወጣው ጋር ማስተያየት ነው። ከእርሱ ካነሰ ወይም ከተስተካከለ መግዛቱ መልካም ነው፤ እጅግ ከበለጠ ግን ትንሹን የእጅ ሶላር መብራት መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛው ጉድለት የአተካከል ስሕተት ነው። የሰሌዳው ክፍሎች እንደ ጥማድ በሬ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲያነክስ ሌላውም ይዘገያል። ስለዚህ የአንድ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ብዙ ኃይል ያስቀራል። ሰሌዳው ጥላ በሌለበት፥ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ፥ አየር ከበታቹ እንዲያልፍ ከቆርቆሮው ከፍ ተደርጎ ይተከል፤ ለሳር ቤት ደግሞ በጓሮ በእንጨት ላይ መትከል ይሻላል። በበጋ አቧራው በለስላሳ ጨርቅና በውሃ ይጠረግ። ሌባና የእረኛ ወንጭፍም እንዳይረሱ።

ሦስተኛው የነጋዴ ማታለል ነው። በሰሌዳው ጀርባ የተጻፈው ቍጥር ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ነገር ግን በሜትር ሊመረመር ይችላል። ደኅናው ሰሌዳ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሲሆን 200 ዋት ያህል ስለሚሰጥ፥ 100 ዋት ነኝ የሚለው የዚህ ግማሽ ሊሆን ይገባዋል። ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 100 ዋት ነው ቢባል ሐሰት ነው፤ ቢበዛ 50 ያህል ነው። ይህን መለኪያ በገበያ ቀን ለሕዝቡ ያስተማረ ሹም ብዙ ድኻ ከኪሳራ ያድናል።

የኤሌክትሪክ ምሰሶ ባለበት ከተማ ፍርዱ ሌላ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከወንዝ ውሃ የሚገኝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። መሥመሩ በደጁ ለሚያልፍ ሰው ሰሌዳ የሚጠቅመው መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ እንዲሆነው ነው፤ ለዚህ ብሎ በብዙ ገንዘብ መበደር ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው። ቤቱን የሚያከራይ ባለቤትም ሰሌዳው የማን እንደ ሆነ፥ ባትሪውን ማን እንደሚለውጥ፥ ተከራዩ ሲወጣ ነቅሎ ይወስድ እንደ ሆነ በውሉ ላይ ያጽፍ፤ ይህ ካልተጻፈ ጠብ ይወልዳል።

ለሹማምንት የምናሳስበው ይህ ነው። ለጤና ኬላና ለትምህርት ቤት ሰሌዳ በተተከለ ጊዜ የምረቃው ቀን የሥራው መጨረሻ አይደለም። ሰሌዳውን የሚጠርግና ባትሪውን የሚመለከት አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ የባትሪ መለወጫ ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ይቀመጥ፤ ከወረዳው ወጣቶች ሁለት ወይም ሦስት ጥገናውን ይማሩ። ለመስኖ ውሃ የሚስብ የፀሐይ ሞተር ሲገባም ውሃውን በማጠራቀሚያ መሙላት ስለሚቻል ባትሪ አያስፈልገውም፤ ነዳጅ የማይገዛበት ስለ ሆነ ግን ገበሬው ያለ ልክ ስቦ የጕድጓዱን ውሃ እንዳያደርቅ የተራና የሰዓት ደንብ ይውጣለት።

እንግዲህ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ከምሰሶ ለራቀ ቤት፥ ልኩ ታውቆ ለመብራትና ለትንንሽ ሥራ ከተገዛ፥ እጅግ የሚጠቅም ነው። የሚጐዳው ልኩን ሳያውቁ ሲገዙት፥ ገዝተውም ጠባቂ ሳያቆሙለት ሲቀሩ ነው። ስለዚህ ማናቸውም ሹም ለሕዝቡ ሰሌዳ ሲታደል ወይም ሲሸጥ፥ ስንት ሰሌዳ ገባ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ ከ3 ዓመት በፊት ከገባው ስንቱ ዛሬ ማታ ያበራል ብሎ ቢጠይቅ፥ የሥራውን እውነተኛ ሚዛን ያገኛል።