ኮርቬርን ማን ገደላት?

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ኮርቬር የምትባለውን የሸቭሮሌት መኪና የገደላት አንድ መጽሐፍ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ጋሼ፦ ግማሹ እውነት ነው። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገርህ፤ በ1959 መገባደጃ ገበያ ስትወጣ ብዙ አሜሪካዊ ፊቱን ወደ ትንሿ ቮልስዋገን ማዞር ጀምሮ ነበር። ፎርድ ፋልከንን ያወጣው የለመደውን አሠራር አሳንሶ ነው። የሸቭሮሌቱ ኤድ ኮል ግን ደፈረ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር የአሉሚኒየም ሞተር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ያውም ከኋላ!

ጠያቂ፦ ልክ እንደ ቮልስ?

ጋሼ፦ አዎ፤ የፊት ኮፈኑን ከፍተህ የምታገኘው ሻንጣ ነው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ቬንትሌተሯ ግን ሞተሩ አናት ላይ ተጋድሞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ቺንጊያው ከሞተሩ ጫፍ ተነስቶ ዘጠና ዲግሪ ይጠመዘዛል። ቺንጊያ ትጥላለች፣ ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ለመካኒክ እንጀራ ነበረች።

ጠያቂ፦ አደጋውስ ከየት መጣ?

ጋሼ፦ ከኋላ እግሯ። ክብደቷ ከኋላ ነው፤ የኋላ አክስሏ ደግሞ የሚተጣጠፈው ከውስጥ በኩል ብቻ ስለነበር፣ በፍጥነት ስትጠመዝዛት ጎማው ወደ ውስጥ ይሰበርና ኋላዋ ያመልጥሃል። ፋብሪካው መድኃኒቱን በጎማ ንፋስ ፈለገ፤ የፊቱ 15፣ የኋላው 26 ፒኤስአይ። እስቲ አስበው፣ የትኛው ጎማ ነፊ ነው የፊቱን 15 ላይ የሚተውልህ? እኩል ይነፋዋል፣ ጣጣው ይከተላል። በ1964 ሞዴል ከፊት ማረጋጊያ ብረት፣ ከኋላ ባሌስትራ ገባላት። በ1965 የኋላው አሠራር ጭራሽ ተቀየረ።

ጠያቂ፦ ገደላት የተባለው የራልፍ ኔደር መጽሐፍስ መቼ ወጣ?

ጋሼ፦ በ1965 ኖቬምበር፤ መኪናዋ ከታረመች በኋላ! የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ እሷ ነው። የሸቭሮሌት ባለቤት ጀነራል ሞተርስ ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ሰው ቀጥሮ የኔደርን ገመና ሲያስቆፍር ተደረሰበትና የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮች በ1966 ሴኔት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። የመኪና ደኅንነት ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ።

ጠያቂ፦ የቀረውን ግማሽ ማን ጨረሰው?

ጋሼ፦ ፎርድ ሙስታንግ። በ1964 ወጥታ ቀልጠፍ ያለ መኪና የሚፈልገውን ወጣት ጠራርጋ ወሰደችው። ቪ8 ሞተር ትሸከማለች፤ ኮርቬር በዚያ በኩል ምን መልስ ነበራት? የጀነራል ሞተርስ አለቆች መጽሐፉ ሳይወጣ ነው ለእሷ አዲስ ሥራ እንዳይጀመር ያዘዙት። ስለዚህ እኔን ከጠየቅከኝ ፍርዱን ገበያው ሰጠ፣ ስሟን ግን መጽሐፉ አጠፋው።

ጠያቂ፦ መንግሥት አልመረመራትም?

ጋሼ፦ መርምሯታል። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ1960 እስከ 1963 የተሠሩትን ፈትኖ፣ በጊዜው ከነበሩ መሰሎቿ የባሰ የመገልበጥ ጠባይ የላትም አለ። ይህን ያለው ግን በ1972 ነው። የመጨረሻዋ ኮርቬር ሚሺጋን ካለው የዊሎው ራን ፋብሪካ ከወጣች ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።