የቤት አይጥ የምትመሰክረው ታሪክ

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» እያሉ አባቶቻችን ይተርታሉ፤ ምስክርነቱ ብዙ እንደማይታመን ለመናገር ነው። ዛሬ ግን አይጥ ራሷ የሰውን ልጅ ታሪክ ከሚመሰክሩት አንዷ ሆናለች። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ጉዳዩን ለሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ትተን ማለፍ እንችል ነበር፤ ነገሩ ታሪክ ስለሆነ ግን እኛንም ይመለከተናል።

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። የምንናገረው ስለ አይጠ መጎጥ ሳይሆን ስለ ትንሿ የቤት አይጥ ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ በ1758 እ.ኤ.አ. ሙስ ሙስኩሉስ ብሎ ሰየማት። ይህች ዝርያ ሦስት ዋና ዋና ንዑሳን ዝርያዎች አሏት። ዶመስቲኩስ የተባለው በምዕራብ አውሮፓና በሜዲትራኒያን ዙሪያ፥ ሙስኩሉስ የተባለው ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ ሰሜን እስያ፥ ካስታኔዎስ የተባለው ደግሞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይኖራል።

ሦስቱ እንዴት ተለያዩ? ጥንታዊ አገራቸው ከሕንድ ክፍለ አህጉር ሰሜን እስከ ኢራን ያለው ምድር እንደሆነ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። የተለያዩበት ዘመን ከጥቂት መቶ ሺህ እስከ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ ይገመታል። ተራራና በረሓ የለያቸው ወገኖች መዋለድ ሲያቆሙ፥ በጂኖቻቸው ላይ በየትውልዱ የሚደርሰው ጥቃቅን ለውጥ በእያንዳንዱ ወገን ለብቻው ይጠራቀማል። የልዩነቱ ምንጭ ይኸው ነው።

ኋላ ግን ሰው መልሶ አገናኛቸው። እህል በተከማቸበት ሁሉ አይጥ ሰውን ተከትላ ሄደች፤ ዶመስቲኩስና ሙስኩሉስ በየበኩላቸው አውሮፓ ገብተው ከዴንማርክ እስከ ጥቁር ባሕር በሚደርስ መስመር ላይ ተጋጠሙ። የመስመሩ ርዝመት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስፋቱ ግን እጅግ ጠባብ ነው። በዚያ ሁለቱ ይዋለዳሉ፤ ነገር ግን ከድቅሎቹ ወንዶች ብዙዎቹ መካን ወይም ዘራቸው የደከመ ይሆናሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. ፒ አር ዲ ኤም 9 የተባለው ጂን ለዚህ መካንነት አንዱ ምክንያት መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ እነዚህ አይጦች ፈጽሞ አንድ አይደሉም፥ ፈጽሞም ሁለት አልሆኑም፤ ዝርያ ሲከፈል መንገዱ መካከል ላይ ያገኘናቸው ናቸው።

አሁን ወደ ምስክርነቱ እንምጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በእስራኤል በዐይን ማላሓና በሌሎች ሥፍራዎች የተገኙትን የአይጥ ጥርሶች መርምሮ ነበር። ከ15,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ፥ ማለት እርሻ ከመጀመሩ በፊት፥ ሰዎች በአንድ ቦታ ረግተው በኖሩ ጊዜ የቤት አይጥ ትበዛለች፤ ሰዎቹ ወደ መዘዋወር ሲመለሱ ደግሞ የዱር አይጥ ቦታውን መልሳ ትይዛለች። የቤት አይጥ ከባለቤቱ አስቀድማ «ቤት ተሠራ» ብላ ጻፈች ማለት ነው! በአይስላንድ የሚገኙትም አይጦች የቫይኪንጎችን መርከብ መንገድ በዘራቸው ይዘው ይገኛሉ። በማዴይራ ደሴት ያሉት ደግሞ ከሺህ ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ክሮሞሶሞቻቸው እየተጣበቁ ከ40 ወደ 22 ድረስ ዝቅ ብለዋል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንዲህ ከሆነ የሰውም ነገዶች እንደ አይጦቹ ናቸው» ብሎ የሚዘል ቢኖር እንቃወመዋለን። አይጥ በዓመት ውስጥ ከአንድ ትውልድ በላይ ትተካለች፤ ስለዚህ የሦስቱ መለያየት መቶ ሺህዎች ትውልዶችን ያህል ነው። የዛሬው የሰው ልጅ ግን ከተገኘ ወደ 300,000 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ይህ በ25 ዓመት ሲካፈል ወደ 12,000 ትውልድ ብቻ ይሆናል። በዚህም ዘመን ሁሉ ሰው መሰደዱንና መዋለዱን አላቋረጠም። ማናቸውም ሁለት ሰዎች በዲ ኤን ኤ ፊደላቸው የሚለያዩት ከሺህ በአንድ ገደማ ነው። በመካከላችን አጥር የሚያቆም ሰው ቢኖር፥ አጥሩን የሠራው እጁ እንጂ ደሙ አይደለም።

ስለዚህ፥ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ማታ በመኝታ ክፍላችን ዳቦ የምትሰርቀውን አይጥ ስናባርር፥ የአያቶቿ አያቶች ከአያቶቻችን ጋር አብረው መጓዛቸውን እናስታውስ። ዳቦውን ግን እንደብቅ።