«ሰፊ» ስም ነው ወይስ ቅጽል?

የቃል ክፍል ማለት አንድ ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ለይቶ የሚያሳውቅ የሰዋስው ትምህርት ነው። ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን ቃላት ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግሥ፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምርና ቃለ አጋኖ ብለው በ8 ከፍለዋቸዋል። ባየ ይማም ግን በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው 5 ክፍል ብቻ ይቈጥራሉ፤ ተውላጠ ስምን ከስም፣ መስተጻምርን ከመስተዋድድ ይመድባሉና።

እኔም 8ቱን በቃሌ ስላጠናሁ ትምህርቱን የጨረስሁ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን መምህራችን በሰሌዳው ላይ «ሰፊ ጨርቅ ገዛ» ብለው ጻፉና ከየቃሉ ሥር ክፍሉን እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ ሳላመነታ «ሰፊ»ን ቅጽል አልሁት፤ አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ደግሞ ስም አለው። መምህራችን ለሁለታችንም ግማሽ ማርክ ሰጡንና «ምክንያታችሁ የት አለ?» አሉን።

ማታ ነገሩን ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዐረፍተ ነገሩን ባነበብሁላቸው ጊዜ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ሣቁና «አንተ ልጅ፣ ያሳደገህን ሥራ ረሳኸው?» አሉኝ። እጅግ አፈርሁ።

እነሆ ምክንያቱ። «ፊ» ሲላላ፣ ሰፊ ጨርቁን የገዛው ባለሙያ ነውና ስም ይባላል። ሲጠብቅ ግን የጨርቁን ስፋት ስለሚገልጽ ቅጽል ነው፤ ገዢው «እሱ» በግሡ ውስጥ ተሰውሯል። «ዋና»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ በውሃ ላይ መዋኘት፣ ሲጠብቅ የበላይ የሆነ ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ አይጽፍምና አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ መረዳት አለበት።

ሌላም ችግር አለ። «ከቤታችን» አንድ ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን «ከ» መስተዋድድ፣ «ቤት» ስም፣ «አችን» የባለቤትነት ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 1,065 የአማርኛ ዜናዎች ለኮምፒዩተር ጥናት እንዲሆኑ ቃላቸው በየክፍሉ ሲመደብ፣ መስተዋድድ ለተጣበቀበት ስም የራሱ ምልክት የተሰጠው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ የክፍሎቹን ስም መሸምደድ ብቻ አይበቃም። ቃሉን ከመሰየማችን በፊት «እዚህ ቦታ ምን ይሠራል?» ብለን እንጠይቀው። እኔ ይህን የተማርሁት ከመምህሬ ጥያቄና ከአባቴ ሣቅ ነው።