የተቆለፈበት ሰዓት ሲቆጠር
የወጣቶች ማረሚያ ቤት ጸጥ ማለቱ ብቻውን የመልካም አያያዝ ማስረጃ አይሆንም። ልጆቹ ተረጋግተው ሊሆን ይችላል፤ በየክፍላቸው ተቆልፎባቸውም ሊሆን ይችላል። ቁጥጥር የሚያስፈልገው ሁለቱን ለመለየት ነው።

የአሜሪካዋን የኦሃዮ ግዛት እንመልከት። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ፍርድ ቤት ሲቀርብ የያዘው ስሌት ይህ ነበር፦ በ2013 የመጨረሻ ስድስት ወራት፣ የአእምሮ ጤና እክል ያለባቸው 229 ወንዶች ልጆች በድምሩ ወደ 60,000 ሰዓት ለብቻቸው ተቆልፎባቸዋል። ይህ በአማካይ ለአንድ ልጅ ከዐሥር ቀንና ሌሊት በላይ ነው። እያንዳንዱ ቅጣት ለየብቻው ሲታይ በቂ ምክንያት ያለው ሊመስል ይችላል፤ ሲደመር ግን የአሠራሩ ችግር ይገለጣል።

ብቻውን የተዘጋበት ልጅ ከትምህርቱና ከሕክምናው ይጎድላል፤ ንዴቱን የሚያበርድበት መንገድም አይማርም። ስለዚህ ጥሩ ሥርዓት ከልጁ የሚጠበቀውን አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ጠባዩን ሲያሻሽል ሳይውል ሳያድር ያበረታታዋል፤ ሠራተኞቹንም ጠብ ከመነሳቱ በፊት በንግግር ማብረድን ያሠለጥናል። ነጥሎ ማቆየት የሚፈቀደው አደጋ ሲደቀን ብቻ ነው። በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በፌዴራል ጥበቃ ሥር ያሉ ልጆችን ለቅጣት ብሎ ለብቻ መዝጋትን ከልክሏል። ልጁ ለሌሎች የሚያሰጋ ከሆነ ጣሪያው ሦስት ሰዓት ነው፤ ለራሱ የሚያሰጋ ከሆነ ግን 30 ደቂቃ ብቻ። ራሱን ሊጎዳ የተነሳ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነውና።

እንዲህ ያለው ገደብ መከበሩ የሚታወቀው በመዝገብ ነው። በሩ ስንት ሰዓት ተዘጋ? መቼ ተከፈተ? ማን ፈቀደ? ከዚያ በፊት ምን ተሞከረ? መዝገቡን የሚመረምረው የዘጋው ሰው ራሱ መሆን የለበትም። መርማሪው ከትምህርት ቤቱ የስም መጥሪያ ጋር ያመሳክረዋል፦ ልጁ ከክፍል ቀርቶ መዝገቡ ባዶ ከሆነ፣ የት ነበር ብሎ ይጠይቃል። ቅጣቱ “ማረፊያ” ወይም “ማሰላሰያ” ቢባልም፣ ልጁ መውጣት እስካልቻለ ድረስ ሰዓቱ ይቆጠራል። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 ያጸደቀው ደንብም ገለልተኛ መርማሪዎች ሳያስታውቁ እንዲመጡና ልጆቹን በምስጢር እንዲያነጋግሩ ይጠይቃል።

“ቁልፉን ከተውን ምን ይቀረናል?” የሚለው የጠባቂዎች ስጋት ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን በማንበብ ነው፦ የተቆለፈበት ሰዓትና በጠብ የተጎዱ ልጆችና ሠራተኞች ብዛት። ሰዓቱ ቀንሶ ጉዳቱ ከጨመረ፣ ሠራተኞቹ ምትክ ሳይሰጣቸው ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ሥልጠናና የሰው ኃይል እንጂ ወደ ቁልፉ መመለስ አይደለም። ኦሃዮ በ2014 ለቅጣት መቆለፍን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ተስማማች፤ በቀጣዩ ዓመት ሰዓቱም ጠቡም አብረው ቀነሱ።