ክሩና ሞላው ሲመጣጠኑ፦ ስለ ባለትሬሞሎ ጊታር አመራረጥና አስተካከል



ባለፈው ዓመት ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ ለሙዚቃ ክበባችን አንድ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝተን ነበር። ቀለሙ ስላማረንና ዋጋው ስለተስማማን ሳንመረምር ተቀበልነው። በወላጆች ቀን አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪያችን በትዝታ ቅኝት ሦስት ወር የተለማመደውን ዜማ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ገና ሲጀምር ቅኝቱ ተዛባ። አንዱን ክር አስተካክሎ ቢቀጥል ሌላው ተዛባበት። በመጨረሻ ጊታሩን አስቀምጦ ወረደ። እኛም በጓደኞቹ ፊት «በቂ ልምምድ አላደረግህም» አልነው።

ከሳምንት በኋላ የፊዚክስ መምህራችን የጊታሩን የጀርባ ክዳን ፈትተው ሲመለከቱ እውነቱ ታወቀ። ጊታሩ ወፍራም ክር ተደርጎበታል፤ ሞላዎቹ ግን በዚያው ልክ አልጠበቁም። ብሪጁ ከኋላው ተነስቶ ወደ ፊት አዘንብሎ ነበር። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን መሣሪያውን ሳንመረምር የሰጠነው የእኛ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ልጁን በዚያው በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። ይህን ትምህርት የጻፍነውም ሌላ ልጅ በመሣሪያ ጥፋት እንዳይወቀስ ብለን ነው።

ትሬሞሎ ምንድን ነው?

ብሪጅ ማለት ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት ነው። ሊዮ ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ብሪጁ በእጀታ እንዲወዛወዝ አድርጎ ሠራው። እጀታው ሲጫን ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማሲንቆ ተጫዋች በጣቱ ድምፁን እንደሚያንቀጠቅጠው ያለ ነው። ስሙ ግን በስህተት የተሰጠ ነው፦ በሙዚቃ ትምህርት ትሬሞሎ የድምፅ ጉልበት መጨመርና መቀነስ ሲሆን፣ የድምፅ ከፍታ መወዛወዝ ቪብራቶ ይባላል።

ብሪጁን እንደ ሚዛን እንየው። በአንድ ወገን ስድስቱ ክሮች ይስባሉ፤ በሌላው ወገን ከጀርባ ያሉት ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱ ሞላዎች ይስባሉ። ከ0.009 ኢንች የሚጀምሩት ቀጫጭን ክሮች በመደበኛ ቅኝት በድምሩ ወደ 38 ኪሎ ይስባሉ፤ ከ0.010 የሚጀምሩት ደግሞ ወደ 46 ኪሎ። የ8 ኪሎ ልዩነት ሚዛኑን ይገለብጠዋል። አንዱን ክር ስንወጥር ብሪጁ ጥቂት ወደ ፊት ስለሚሳብ ሌሎቹ ይላላሉ። ተማሪያችን መድረክ ላይ የታገለው ከዚህ ጋር ነበር።

ስንመርጥ

ለጀማሪ የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ያለው ጊታር ይቀላል። ትሬሞሎ ያለው ከተፈለገ ደግሞ ክሮቹን በብሎን ከሚቆልፈው ዓይነት ይልቅ ተራውን እንመርጣለን፤ ክር ለመቀየር አያስቸግርም። ከመክፈላችን በፊት የሚከተሉትን እንይ፦

1. አንገቱን ከጫፍ በአንድ ዓይን አይተን እንዳልተጣመመ እናረጋግጥ።
2. በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ እያንዳንዱን ክር እንምታ፤ የሚንጣጣ ወይም የሚታፈን ድምፅ እንዳለ እናዳምጥ።
3. ጊታሩን ቃኝተን እጀታውን አሥር ጊዜ ያህል ተጭነን እንልቀቅ፤ ቅኝቱ ካልተመለሰ ምክንያቱን እንጠይቅ።
4. የጀርባውን ክዳን አስከፍተን ሞላዎቹን እንቁጠር።
5. አምፕሊፋየር ላይ ሰክተን የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን እናዙር፤ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ ጥገና ይፈልጋሉ።

ስናስተካክል

መጀመሪያ የክሩን ውፍረት እንወስን፤ ከዚያ በኋላ ዓይነቱን አንለዋውጥ። ክር ስንቀይር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳንፈታ አንድ በአንድ እንቀይር። መወጠሪያው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። ከዚያም ክሩን በእጅ ቀስ ብለን እየሳብን እናላምደው፤ አለበለዚያ ገና እየተለጠጠ ቅኝት አይይዝም።

ሁለተኛ፣ ቃኝተን የብሪጁን የኋላ ጫፍ እንመልከት። ከጊታሩ አካል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ቢል መልካም ነው። ከዚያ በላይ ከተነሣ፣ ከጀርባ ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ሩብ ዙር እናጥብቅ፤ ዝቅ ካለ እናላላ። ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ እንደገና እንቃኝ። ሦስትና አራት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ስለሆነ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነን 8ኛው ፍሬት ጋ ያለውን ክፍተት እንይ። ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም የሁለት ወይም የሦስት ተራ ወረቀት ውፍረት ይበቃል። በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ማስተካከል ግን የመምህር ወይም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅ ሊሰበር ይችላል።

አራተኛ፣ በ17ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲኖር ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ኮርቻዎች ከፍና ዝቅ እናድርግ።

አምስተኛ፣ 12ኛው ፍሬት የክሩ አጋማሽ ነው። ባዶው ክር በሴኮንድ 110 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እዚያ ላይ 220 ጊዜ መሆን አለበት። በመቃኛ ስናየው ድምፁ ከፍ ካለ ኮርቻውን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ እናንቀሳቅሰው።

በመጨረሻም በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉባቸውን ስንጥቆች በእርሳስ እርሳሳችን እንቀባ። ክሩ እዚያ ሳይያዝ እየተንሸራተተ ወደ ቦታው ይመለሳል።

መምህራችንና ተማሪው ይህን ሁሉ አብረው ሠርተው አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀባቸው። በዓመቱ መዝጊያ ያው ልጅ ያንኑ ዜማ በዚያው ጊታር እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አሁን በክበባችን ለአዲስ ተማሪዎች ጊታር የሚያስተካክለው እሱ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «አልሆነልኝም» ሲላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት መሣሪያውን እዩለት። እኛም መምህራን ከእንግዲህ እንዲሁ ለማድረግ ቃል ገብተናል።